ጤናችን፦ ልጃችን በማደንዘዣ ተኝቶ የሚመረመር ለታ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ አውርተን ነበር። ዛሬ ደግሞ ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቅ ሌላ ጉዳይ እናነሣለን። ሐኪሙ ልጃችንን አይቶ፣ «ውስጡ በመሣሪያ ይታይ፤ ለዚህም በማደንዘዣ ይተኛል» ቢለን ምን እናድርግ? እንዴትስ እንዘጋጅ?

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ እንናገር።

አንዲት እናት ነበረች። የስምንት ወር ወንድ ልጅ አላት። የልጁ ራስ ከዕድሜው በላይ እየተለቀ ሄደ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ላከቻት። ጤና ጣቢያው ራሱን በሜትር ለክቶ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላካት። ሆስፒታሉም ቀን ቀጠረላት። «ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ይነሣል። ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ ምግብ እንዳትሰጪው። ከ10 ሰዓት በኋላ ጡትም እንዳታጠቢው» አሏት።

እናትየው ከአማቷ ጋር ከተማ ገብታ ዘመድ ቤት አደረች። ሊነጋጋ ሲል ልጁ ክፉኛ አለቀሰ። እናትየው ለመታጠብ ወጣ ባለችበት የአያትየዋ አንጀት አልችል አለ። «ሕፃን ልጅ ጦም ይደር ተብሎ ያውቃል?» አሉና ሁለት ሦስት ማንኪያ አጥሚት አቀመሱት። ልጁም ዝም አለ።

ጠዋት የማደንዘዣ ባለሙያው፣ «ልጁ መጨረሻ የበላው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እናትየው፣ «ሌሊት በ10 ሰዓት ጡት ጠብቷል። ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀመሰም» አለች። አልዋሸችም፤ የተደረገውን አታውቅም። አያትየዋ ግን የባለሙያውን ፊት አዩ። የምራታቸውን ፊት አዩ። ቀኑን ሙሉ በመኪና የመጡበትን መንገድና የወጣውን ብር አሰቡ። ቢናገሩ ቀጠሮው ይቀራል። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። ትንሽ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔ አጥሚት አቅምሼዋለሁ። ጎሕ ሲቀድ ነው» አሉ።

ምርመራው ያን ለታ ቀረ። እናትየው አለቀሰች። ባለሙያው ግን አያትየዋን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ደግ አደረጉ። ባይናገሩ ኖሮ ልጁ በእጄ ላይ ይታፈን ነበር ይሆናል» አላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ሆዱ ባዶ ሆኖ ቀረበ። ተኛ፣ ተነሣ፣ ነቃ። ሐኪሞቹም በራሱ ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ አይተው ሕክምናውን ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው አያትየዋን ለመውቀስ አይደለም። «አትስጡት» ተባለ እንጂ «ለምን» የሚለውን ማንም አልነገራቸውም። ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን ትእዛዝ ማክበር ይከብደዋል። ስለዚህ ዛሬ ምክንያት ምክንያቱን እንነጋገር።

መሣሪያው ምንድን ነው?

የሰውነትን ውስጥ የሚያሳዩ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ሦስቱን እንወቅ።

አንደኛው አልትራሳውንድ ነው። ይህ በድምፅ ሞገድ ያያል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ያውቁታል። የሕፃን እርግብግቢት ገና ሳይገጥም ከሆነ፣ በዚያ በኩል አንጎሉን ማየት ይቻላል። ለዚህ ምርመራ ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሲቲ ስካን ነው። ይህ በራጅ ጨረር ይሠራል። ተራው ራጅ አንድ ሥዕል ብቻ ያነሣል። ሲቲ ስካን ግን በዙሪያው እየዞረ ብዙ ሥዕል ያነሣል። ድፎ ዳቦ በስሱ ተቆርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲታይ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው በሽተኛ በዚህ መሣሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 በእንግሊዝ አገር ነው። ማንሣቱ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጨረር ስላለው ግን ያለ ምክንያት አይታዘዝም። «ለማንኛውም ይነሣልኝ» ብለን ሐኪሙን አናስጨንቅ።

ሦስተኛው ኤም አር አይ ነው። ይህ ጨረር የለውም። በትልቅ ማግኔት ይሠራል። ማግኔት ብረት የሚስብ ነገር ነው። በሽተኛው እንደ በርሜል ክፍት በሆነ መሣሪያ ውስጥ ይተኛል። መሣሪያው እንደ መዶሻ ይጮኻል። ስለዚህ የልጁ ጆሮ ይሸፈንለታል። ምርመራው ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል።

ለምን ይተኛል?

ትልቅ ሰው «አትነቃነቅ» ቢሉት ይሰማል። ሕፃን ግን ይራገጣል፣ ያለቅሳል፣ ራሱን ያዞራል። ከተነቃነቀ ሥዕሉ ይደበዝዛል። የደበዘዘ ሥዕል ደግሞ ሐኪሙን ያሳስታል። እጅና እግሩን ጨምድዶ መያዝም ልጁን ማስጨነቅ ነው። ስለዚህ በመድኃኒት ይተኛል።

ሁሉም ሕፃን ግን መድኃኒት አይሰጠውም። ገና ጥቂት ወር የሆነው ሕፃን ጡት ጠግቦ፣ ተጠቅልሎ፣ በራሱ እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ማጥባት የሚያስፈልገው ልክ ከምርመራው በፊት ነው። ነገሩ ከማደንዘዣው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ፣ «ልጄ በመድኃኒት ነው የሚተኛው ወይስ ጡት ጠብቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለበትም።

ሆዱ ለምን ባዶ ይሆናል?

ደኅና ሰው ሲውጥ ምግቡ በአንድ በኩል፣ አየሩ በሌላ በኩል ይሄዳል። ምግብ ወደ አየር መንገድ ሲሳሳት ትን ይለናል፤ እንስላለን። ሳሉ ጠባቂያችን ነው። ማደንዘዣ የወሰደ ሕፃን ግን ሳሉም አብሮት ይተኛል። ያን ጊዜ በሆዱ ያለው ወተት ወይም አጥሚት ወደ ላይ ቢመጣ፣ ሳይስል ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ይህ ያፍናል፤ ሳንባንም ያቆስላል። ሊገድልም ይችላል።

ለዚህ ነው «ምንም አታቅምሱት» የሚባለው። ነገሩ የጭካኔ አይደለም። ሁለት ማንኪያም ቢሆን ማንኪያ ነው። እርጎም፣ ማርም፣ ቅቤም፣ የአብሽ ውሃም፣ ብስኩትም ያው ነው።

ሰዓቱን እንቁጠር

በብዙ ሆስፒታል የሚሠራበት ቁጥር ይህ ነው።

ምግብ፣ አጥሚት፣ የላም ወተትና የቆርቆሮ ወተት ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት ይቆማል።
የእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት ሲቀር ይቆማል።
ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀር ይቆማል።

ጥቂት የሚለያይ ሆስፒታል አለ። የራሳችሁ ሆስፒታል የሚላችሁን ያዙ። በወረቀት ይጻፍላችሁ። አሁን ማንበብ ችላችኋልና ወረቀቱን እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ቀጠሮው ጠዋት በ2 ሰዓት ነው እንበል። ከዚያ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስንቆጥር ሌሊት 8 ሰዓት እናገኛለን። ምግብና የላም ወተት እዚያ ላይ ያበቃል። 4 ሰዓት ወደ ኋላ ስንቆጥር ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ጡት እዚያ ላይ ያበቃል። 2 ሰዓት ወደ ኋላ ስንቆጥር ንጋት 12 ሰዓት ነው። ውሃ እዚያ ላይ ያበቃል።

ደግሞ ከሚገባው በላይ አታስርቡት። «ለጥንቃቄ» ብሎ ከምሽት ጀምሮ ጡት መከልከል ስሕተት ነው። ሕፃን ቶሎ ይደክማል፤ ውሃም ያጥረዋል። ተኝቶም ቢሆን ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሳችሁ አጥቡት። ከዚያ 10 ሰዓት ሲሆን አቁሙ።

እናትየው ግን ትብላ። የእናት መብላት የልጁን ሆድ አይሞላም። እናት ብትራብ ለልጁ የሚጨመርለት ነገር የለም። ሕፃኑ የጡት ሽታ ሲሸተው ይብስ ያለቅሳልና፣ ከ10 ሰዓት በኋላ አባት ወይም አያት ይያዙት። ያባብሉት፤ ያንጎራጉሩለት፤ ደጅ ደጁን ያዙሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሐኪም ቤት በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል። በካርዱ ላይ «8፡00 ጠዋት» የሚል ቢሆን በእኛ 2 ሰዓት ነው። በእኛ 8 ሰዓት ብሎ የጠበቀ ሰው 6 ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ቀኑም እንዲሁ ነው። «ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምን እንናገር?

ባለሙያው ብዙ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ለመክሰስ አይደለም። የምናውቀውን ሁሉ እንንገረው።

ልጁ ያስለዋል? ንፍጥ አለው? ያተኩሰዋል? ያስመልሰዋል? ጉንፋን የያዘው ልጅ በማደንዘዣ ሲተኛ አተነፋፈሱ ሊታወክ ስለሚችል፣ ቀጠሮው ለጥቂት ሳምንታት ሊራዘም ይችላል። «ተራዬ ያልፋል» ብላችሁ ሳሉን አትደብቁ።

ልጁ ያለ ወሩ ተወልዶ ነበር? ተኝቶ ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆረጥ ይላል? የልብ በሽታ አለበት ተብሎ ያውቃል? የማይስማማው መድኃኒት አለ? ከዘመድ ወገን በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው አለ? ይህ ሁሉ ይነገር።

የሚወስደው መድኃኒትም ይነገር። የባህል መድኃኒት ያጠጣችሁትም ካለ ንገሩ። «ይቆጡኛል» ብላችሁ አትፍሩ። ቢቆጡም ቁጣ ያልፋል፤ የልጅ ጉዳት ግን አያልፍም። ለሚጥል በሽታ የሚወሰድን መድኃኒት ደግሞ በገዛ ራሳችሁ አታቋርጡ። በዕለቱ እንዴት እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እናትየው ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ከጠረጠረች፣ ጨረር ያለበት ክፍል ከመግባቷ በፊት ትናገር። ሌላ ሰው ይገባላታል።

ብረት አይግባ

ይህ ለኤም አር አይ ነው። ማግኔቱ እጅግ ኃይለኛ ነው። መሣሪያው ሥራ ባይዝም እንኳ ማግኔቱ አይጠፋም። ብረት ከእጅ ነጥቆ ሊወረውር ይችላል።

ስለዚህ የልጁ ጉትቻ፣ አምባር፣ አልቦ፣ የአንገት መስቀል፣ አሸንክታብ፣ መርፌ ቁልፍና ብረት ያለው የልብስ ቁልፍ ይወልቅ። ክታብ ካለው ለባለሙያው አሳዩ። ማተቡ ክር ብቻ ከሆነም አሳዩና እሱ ይወስን። የሚወልቀው ለአንድ ሰዓት ነው። እናት በእጇ ይዛ ውጭ ትጠብቅ፤ ሲወጣ መልሳ ታስርለት። ዓይኑንም ኩል አትኳሉት። ኩል የብረት ነገር ሊኖረው ይችላል፤ ሥዕሉን ያበላሻል፤ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል።

አብሮት የሚገባው ሰውም ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ቢላዋ፣ ስልክና ቀበቶ ውጭ ይተው። በሰውነታችሁ ውስጥ ጥይት ወይም የጥይት ስብርባሪ፣ አጥንት የተጠገነበት ብረት፣ ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ ሉፕ ካለ ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ።

የዕለቱ ሥራ

የሪፈር ወረቀቱን፣ የልጁን ካርድ፣ የክትባት ካርዱንና የጤና መድኅን መታወቂያ ካላችሁ እሱንም በአንድ ፌስታል ያዙ። የድሮ ራጅም ካለ አምጡ። መጠቅለያ ጨርቅ፣ ቅያሪ ልብስና ልጁ ሲነቃ የሚጠጣውን ያዙ። ቀጠሮ ሊገፋ ስለሚችል የአንድ ሁለት ቀን ስንቅና የመሳፈሪያ ብር ቢኖር ይመረጣል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ሰው ይሂድ።

እዚያ ስትደርሱ ልጁ ይመዘናል። የማደንዘዣው ልክ የሚሰላው በኪሎው ነው። ከዚያ የስምምነት ወረቀት ይሰጣችኋል። ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ፣ «ይህ ምን ማለት ነው?» በሉ። ፊደል የተማርነው ለዚህ ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ በደም ሥር፣ በጭንብል እንደ አየር፣ ወይም በሌላ መንገድ ይሰጣል። ልጁ ዓይኑን ሲያዞር ወይም ሰውነቱ ሲዝል ብታዩ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ሲተኛ እንዲሁ ነው። ጣቱ ላይ ቀይ መብራት ያላት መቆንጠጫ ትደረግለታለች። እሷ የልብ ምቱንና በደሙ ያለውን ኦክስጅን ትናገራለች። ባለሙያው እስኪነቃ ድረስ ዓይኑን ከልጁ አይነቅልም።

ከነቃ በኋላ

ልጁ ሲነቃ ይነጫነጫል፤ ያለቅሳል፤ ተመልሶ ያንቀላፋል። ሊያስመልሰውም ይችላል። ባለሙያው ሲፈቅድ ጡት በጥቂት በጥቂቱ ጀምሩለት። ከተቀበለው ጨምሩለት። እንቢ ካለ አታስገድዱት።

አሁን የምንነግራችሁን ልብ በሉ። ያን ቀን ልጁን በአንቀልባ አትዘሉት። ፊቱንም በነጠላ አትሸፍኑ። ከማደንዘዣ የነቃ ሕፃን አንገቱ ይዝላል። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሽ ያጥረዋል። በጀርባችሁ ከሆነ ደግሞ አታዩትም። በክንዳችሁ እቀፉት። አገጩ ቀና ይበል። ፊቱን እያያችሁ ሂዱ። መኪና ውስጥም እንዲሁ።

አገራችሁ ሩቅ ከሆነ ያን ሌሊት ሆስፒታሉ አጠገብ እደሩ። ትንፋሹ ከከበደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አልነቃ ካለ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ወይም ካተኮሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ።

«አእምሮውን ያደነዝዘዋል» ይባላል፤ እውነት ነው?

ይህን ብዙ ወላጅ ይጠይቃል። መልሱን ሳንደብቅ እንናገር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በ7 አገሮች 722 ሕፃናትን መዝግቦ ነበር። ሁሉም የቡአ ኦፕራሲዮን የሚደረግላቸው ነበሩ። እኩሌቶቹ ሙሉ በሙሉ እንዲተኙ ተደረገ። እኩሌቶቹ ደግሞ ነቅተው፣ የታች አካላቸው ብቻ ደንዝዞ ታከሙ። የተኙት ባመዛኙ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የተኙት። 5 ዓመት ሲሞላቸው የአእምሮ ችሎታቸው ቢለካ ልዩነት አልተገኘም።

በሌላ በኩል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከ3 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከ3 ሰዓት በላይ ወይም ደጋግሞ ማደንዘዝ ጥንቃቄ ይሻል ብሏል። እንግዲህ ለአንድ አጭር ምርመራ ብሎ አንድ ጊዜ መተኛት ሌላ ነው፤ ደጋግሞ ለረጅም ሰዓት መተኛት ሌላ ነው። «ምርመራው ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ደግሞስ መተኛት ይኖርበታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማደንዘዣ ምንም አደጋ የለውም አንልም። ሆዱ ባዶ ከሆነ፣ የምናውቀውን ከተናገርን፣ ባለሙያም አጠገቡ ካለ ግን አደጋው ያንሳል። በሽታውን ሳያውቁ መቅረትም አደጋ ነው። የራሱ ፈሳሽ የሚጨምር ሕፃን ምርመራው በቀረበት ወር ሁሉ አንጎሉ ይጨቆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ።

እንግዲህ አንባቢዎቻችን፣ ይህን ወረቀት አጣጥፋችሁ አስቀምጡት። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። በተለይ ለአያቶች አንብቡላቸው። ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ አጥሚቱ የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ምክንያቱን ከነገርናቸው ደግሞ ከማንም የበለጠ ጠባቂዎች ይሆናሉ።

የቃላት ፍቺ

ማደንዘዣ፦ ሕመም እንዳይሰማ ወይም እንቅልፍ እንዲወስድ የሚያደርግ መድኃኒት።
እርግብግቢት፦ በሕፃን ራስ ላይ አጥንቱ ያልገጠመ ለስላሳ ቦታ።
ሳንባ፦ አየር የምንተነፍስበት የሰውነት ክፍል።
ስምምነት፦ ሰው አውቆና ፈቅዶ እሺ ማለቱ።

መለማመጃ

1. ሕፃኗ በማደንዘዣ የምትተኛው ጠዋት በ4 ሰዓት ነው። አጥሚት በስንት ሰዓት ይቆማል? ጡትስ? ውሃስ?
2. ልጁ ከምርመራው በኋላ በአንቀልባ የማይታዘለው ለምንድን ነው?
3. በታሪኩ ውስጥ ያሉት አያት ዝም ቢሉ ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል ነበር? ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

የጥያቄ 1 መልስ፦ አጥሚት ሌሊት በ10 ሰዓት፣ ጡት ንጋት በ12 ሰዓት፣ ውሃ ጠዋት በ2 ሰዓት።

ሳምንት በዚሁ ዓምድ እንገናኝ። ደኅና ሰንብቱ።